በስማቸው መጨረሻ ላይ ~ ያለባቸው ፋይሎች ከየት ይመጣሉ?

ጥያቄ፦ ጽሑፎቼንም ሆነ የፕሮግራም ኮዶቼን የምጽፈው ኢማክስ በተባለው ኤዲተር ነው። ፎልደሮቼ ስማቸው በ ~ በሚያልቅ ፋይሎች ተሞልተዋል፤ አንዳንዴም በ # ጀምረው በ # የሚያልቁ አያለሁ። በቅርቡ አንድ ረጅም አንቀጽ ሳላስበው አጥፍቼ ሴቭ ካደረግሁ በኋላ የ ~ ፋይሉን ብከፍት ያገኘሁት ጠዋት ሥራ ስጀምር የነበረውን ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በመካከሉ ግን ደጋግሜ ሴቭ አድርጌ ነበር። ኤዲተሩ ተበላሽቶ ይሆን? እነዚህን ፋይሎች ባጠፋቸውስ ጉዳት አለው?

መልስ፦ ኤዲተርዎ አልተበላሸም። ኢማክስ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጠው አንድን ፋይል ከከፈቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቭ ሲያደርጉ ብቻ ነው። «ማስታወሻ» የሚባል ፋይል ጠዋት ከፍተው አንድ ቃል ለውጠው ሴቭ ቢያደርጉ፣ ከለውጡ በፊት የነበረው ይዘት «ማስታወሻ~» በሚል ስም ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ሴቭ ቢያደርጉ ያ ቅጂ አይነካም። ፋይሉን ዘግተው እንደገና ከከፈቱት ግን በቀጣዩ ሴቭ አዲስ ቅጂ ተሠርቶ የቀድሞውን ይተካል። ይህ አሠራር መጀመሪያ ሲያዩት ስስት ይመስላል፤ ነገር ግን ቅጂው አንድ ብቻ ሆኖ በየሴቩ የሚታደስ ቢሆን ኖሮ፣ አንቀጹን አጥፍተው ሁለት ጊዜ ሴቭ ባደረጉ ቁጥር ደህናው ጽሑፍ ከፋይሉም ከመጠባበቂያውም ይጠፋ ነበር።

በሥራ መካከል አንድ ደረጃ ላይ ደርሰው «ይህ ይቀመጥልኝ» ካሉ፣ ኮንትሮልና ዩን ተጭነው በማስከተል የተለመደውን ኮንትሮል-ኤክስ ኮንትሮል-ኤስ ይጫኑ። በዚህ መንገድ ሴቭ የተደረገው ይዘት በሚቀጥለው ሴቭ ጊዜ ወደ መጠባበቂያነት ይዛወራል። አንድ ቅጂ የማይበቃዎት ከሆነ ደግሞ ባለ ቁጥር ቅጂ እንዲሠራ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ማዘዝ ይቻላል፤ ያኔ «ማስታወሻ.~1~»፣ «ማስታወሻ.~2~» እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩ እንዳይበዛ ኤዲተሩ ራሱ ይቆጣጠራል፦ ካልተለወጠ በስተቀር ከመጀመሪያዎቹ 2፣ ከመጨረሻዎቹም 2 ጠብቆ የመካከለኞቹን ልሰርዝ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚያሰለችዎ ከሆነ ሳይጠይቅ እንዲሰርዝ ማድረግ ይችላሉ፤ እኔ ግን የሚጠበቁትን አዳዲስ ቅጂዎች ቁጥር ከ2 ከፍ ሳያደርጉ ይህን እንዲያደርጉ አልመክርም።

በ # የተከበቡት ፋይሎች ሥራቸው ሌላ ነው። እነዚህ ገና ሴቭ ያላደረጉትን ጽሑፍ የሚይዙ ሲሆኑ፣ በየ300 የቁልፍ ምት ገደማ፣ ወይም መጻፍ አቁመው ወደ 30 ሴኮንድ ሲቆዩ ይታደሳሉ። ሴቭ ሲያደርጉ ይሰረዛሉ። እንግዲህ «#ማስታወሻ#» የሚል ፋይል ኤዲተሩ በተዘጋበት ጊዜ ተቀምጦ ካገኙ፣ መብራት ጠፍቶ ወይም ፕሮግራሙ ድንገት ቆሞ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ሳይኖር አይቀርምና ይዘቱን ሳያዩ አይሰርዙት። የ ~ ፋይሎችን ግን ዋናው ፋይል ደህና መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ያለ ስጋት ማጥፋት ይችላሉ።

ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያስተውሉት አንድ ነገር ልጨምር። ኢማክስ ቅጂውን የሚሠራው በአብዛኛው በመገልበጥ ሳይሆን ስም በመቀየር ነው፤ ማለትም ነባሩ ፋይል ራሱ «ማስታወሻ~» ይባልና አዲሱ ይዘት በ«ማስታወሻ» ስም በአዲስ ፋይል ላይ ይጻፋል። ይህ ፈጣን ቢሆንም፣ አንድ ፋይል በሃርድ ሊንክ ሁለት ስም ካለው ሁለተኛው ስም ከአሮጌው ይዘት ጋር ይቀራል፤ በአንዱ ስም ያረሙት በሌላው አይታይም። እንዲህ ያሉ ፋይሎች ካሉዎት ኤዲተሩ በመገልበጥ እንዲሠራ ያዙት፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ፋይሉ ያው ፋይል ሆኖ ይቆያል።

የፎልደሮቹን መዝረክረክ በተመለከተ፣ ቅጂዎቹ ሁሉ በአንድ የተለየ ፎልደር እንዲከማቹ ማዘዝ ይቻላል። ኢማክስ ያኔ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ወስዶ የፎልደር መለያ የሆነውን / በ ! ስለሚተካው፣ በተለያየ ቦታ ያሉ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፋይሎች አይደራረቡም። ድረ ገጽ ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ከንጽሕና ያለፈ ጉዳይ ነው፤ ሰርቨሩ የኮድ ፋይልን የሚያውቀው በስሙ መጨረሻ ከሆነ፣ መጨረሻው ~ የሆነውን ቅጂ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ በውስጡ ካለው የይለፍ ቃል ጋር ለጠየቀው ሁሉ ሊሰጥ ይችላል።

የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ በሚመዘግበው ጊት በተባለው ፕሮግራም በሚጠበቁ ፎልደሮች ውስጥ የ ~ ፋይል ካላዩ አይደነቁ፤ ታሪካቸው በጊት ይያዛል ተብሎ ስለሚታሰብ ኢማክስ ለእነዚህ ካልታዘዘ በቀር ቅጂ አይሠራም። ጊት ግን የሚያውቀው ኮሚት ያደረጉትን፣ ማለትም በትእዛዝ ያስመዘገቡትን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምጠቀመው ቪም የተባለውን ሌላ ኤዲተር ነው፤ የ ~ ፋይል አይቼ አላውቅም። ቪም መጠባበቂያ አይሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሠራል፤ ግን አያቆየውም። በተለመደው አሠራሩ ቪም ፋይሉን በሚጽፍበት ቅጽበት ቅጂ ያዘጋጅና ጽሕፈቱ በሰላም ሲጠናቀቅ ይሰርዘዋል፤ ቅጂው የሚጠቅመው በመጻፍ ላይ እያለ ዲስኩ ቢሞላ ወይም ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ነው። እንዲቆይልዎ ከፈለጉ «ባክአፕ» የሚባለውን ምርጫ ያብሩት። ሴቭ ላልተደረገው ጽሑፍ ደግሞ የስዋፕ ፋይል አለው፤ ይህም በየ200 ፊደሉ ወይም መተየብ ካቆሙ ከ4 ሴኮንድ በኋላ ይታደሳል። ቅጂዎቹን በአንድ ፎልደር ለማከማቸት ካሰቡ የፎልደሩን አድራሻ በሁለት // ይጨርሱ፤ በአዳዲሶቹ የቪም እትሞች ይህ ሙሉውን አድራሻ በስሙ ውስጥ ያስገባል። አለበለዚያ በሁለት ፎልደር ያሉ ስማቸው አንድ የሆነ ፋይሎች ቅጂ አንዱ በሌላው ላይ ይጻፋል።