የልጆችን ሕመም ለመመርመር የግድ ሐኪም መሆን አለብኝ?

የኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ፣ ፍሎረሰንት ቀለሞች (ብርሃን ሲያርፍባቸው በሌላ ቀለም የሚያበሩት) ልብሽን እንደማረኩት ጽፈሽልኛል። በልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ምርምር ለመሰማራት ሕክምናን ከሀ መጀመር ይኖርብኝ ይሆን ነው ጥያቄሽ። አይኖርብሽም። እንዲያውም ኬሚስትነትሽን አትልቀቂው፤ ለዚህ ምርምር በጣም ያስፈልጋል።

ሕመሙ ከ16 ዓመት ዕድሜ በፊት የሚጀምር ነው። ከሦስት ዓመት ሕፃን ደግሞ እንደ ልብ ደም አይቀዳም፤ ከጉልበቱ የሚገኘውም ፈሳሽ ለሕክምናው ተቀድቶ የተረፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ከጥቂት ጠብታ ብዙ መልስ ማውጣት ግድ ይላል። ይህን የሚያስችሉት አንቺ የምትወጃቸው ቀለሞች ናቸው። እያንዳንዱ ቀለም በአንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል (አንድን ዒላማ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ላይ ይታሰራል፤ ያም የሚፈልገውን ሴል ፈልጎ ይጣበቅበታል። ከዚያ ሴሎቹ በሌዘር ፊት አንድ በአንድ ሲያልፉ ፍሎ ሳይቶሜትር የሚባለው መሣሪያ የትኛው በምን ቀለም እንደበራ ይመዘግባል።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። የ488 ናኖሜትር ሰማያዊ ሌዘር ሲያርፍባቸው፣ ፍሎረሰይን የሚባለው ቀለም 520 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ፣ ፋይኮኤሪትሪን የሚባለው ደግሞ 578 አካባቢ ብርቱካናማ ብርሃን ይሰጣሉ። የአረንጓዴው ጭራፊ ወደ ብርቱካናማው መለኪያ ይገባል። አንድ አንድ ቀለም ብቻ በያዙ ማነጻጸሪያ ቱቦዎች ይህን ያላረመ ሰው በልጁ ጉልበት ውስጥ የሌለ ሴል አገኘሁ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ቀለም ብርሃን ላይ ሲቆይም ይደበዝዛል። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት፣ ቀለም የጨመርኩበትን የአንዲት ሕፃን ናሙና መብራት ሥር ትቼ ወጣሁ። ስመለስ ንባቡ የማይታመን ሆኖ ነበር። ሌላ ናሙና አልነበረንም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የመመረቂያ ጥናትሽን በዚሁ ላይ አድርጊው፦ አንድ ቀለም ውሰጂ፣ በብርሃን ሥር በየስንት ደቂቃው ምን ያህል እንደሚደበዝዝ ለኪ። ስታትስቲክስና ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ጎን ለጎን ተማሪ፤ ሃያ ቀለም የያዘ መረጃ በዓይን ብቻ አይነበብም። ለሁለተኛ ዲግሪ ኢሚውኖሎጂን፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጥናትን፣ እመክርሻለሁ።

ደግሞ አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ አስፈቅደሽ የፀረ ኒውክለስ ምርመራ (የሴልን አስኳል የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት በደም ውስጥ መኖራቸውን የሚያሳይ) ስላይድ በማይክሮስኮፕ ተመልከቺ። ፀረ እንግዳ አካላቱ ካሉ የሴሎቹ አስኳል እንደ አረንጓዴ ፖም ያበራል። ይህ ውጤት ያለበት ታማሚ ልጅ ቶሎ ቶሎ ወደ ዓይን ሐኪም ይላካል፤ ምክንያቱም ከዚህ ሕመም ጋር የሚመጣው የዓይን ብግነት ብዙ ጊዜ ሳያምም፣ ዓይንን ሳያቀላ ነው የሚጀምረው።