የአሜሪካው ፕሌይስቴሽን 2፦ 220 ላይ ከመሰካትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ታላቅ ወንድምሽ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ከአሜሪካ የተላከለትን ትልቁን ፕሌይስቴሽን 2 እናትሽ ቤት ቁም ሳጥን አናት ላይ አገኘሽው። እሱ አሁን ውጭ አገር ነው የሚኖረው። ልጆችሽ ካልተጫወትንበት ብለው ይዘውሻል። ፒያሳ ሠሪ ጋ ወሰድሽው፤ ሳይከፍተው "ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ጣዪው" አለሽ። ጥያቄሽ ሁለት ነው፦ ይሠራል ወይ? ከአዲሱ ፍላት ቲቪ ጋርስ ይገጥማል ወይ?

ሁለቱም የሚሆን ይመስለኛል። ብቻ እስካሁን ካልሰካሽው አትሰኪው። ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ገመዱን ለብቻው አስቀምጪው።

መጀመሪያ የተለጠፈበትን ጽሑፍ ፈልጊ። በአራት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጀምር የሞዴል ቁጥር አለው። በትልቁ ማሽን ላይ የቁጥሩ የመጨረሻ አሃዝ 1 ከሆነ የአሜሪካ ነው። 0 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጃፓን፣ 4 ከሆነ የአውሮፓ ነው። እዚያው አጠገብ ቮልቱ ተጽፏል። የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100 ይላል። የእኛ መብራት ደግሞ 220 ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ገመድ ጥርሱ ጠፍጣፋ ስለሆነ እኛ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ሱቅ ሄደን ጥርሱን ክብ የሚያደርግ ትንሽ መቀየሪያ እንገዛለን። ያ ዕቃ የሚቀይረው ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቮልቱን አይነካውም። ከዚህ የባሰም አለ። የዚህ ማሽን ገመድ በማሽኑ በኩል ያለው ጫፉ የስምንት ቁጥር ቅርጽ አለው። ከድሮ ቴፕና ራዲዮ ገመድ ጋር አንድ ነው። ገመዱ የጠፋበት ሰው የቴፑን ነቅሎ ይሰካበታል። ልክክ ብሎ ይገባል። ከዚያ ጧ ይልና ጭስ ነው።

ውስጡ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማሽኑን መብራት የሚመግበው ክፍል ማለት ነው፣ የገባለትን ኤሲ (የግድግዳውን መብራት) መጀመሪያ ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ ያለው) ይቀይራል። 120 ቮልት ሲቀየር 170 አካባቢ ይሆናል። 220 ግን 310 ይደርሳል። መግቢያው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር በአሜሪካ ዕቃ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው 200 ቮልት ነው። ስለዚህ ያብጣል ወይም ይፈነዳል፤ ፊውዙም ይበጠሳል። አንዳንድ ሠሪ ፊውዙን ብቻ ቀይሮ መልሶ 220 ላይ ይሰካዋል። ያኔ ጉዳቱ ይብሳል።

እኔ ይህን የተማርኩት በአክስቴ ስጦታ ነው። ያደግኩት ሠራተኛ ሰፈር ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሴጋ ጀነሲስ የሚባል የጌም ማሽን አመጣችልን። ያን ቀን ማታ ግማሹ ሰፈር እኛ ሳሎን ነበር። አዳፕተሩን በመቀየሪያ ሰካነው። አርማው መጣ፤ ሁላችንም ጮህን። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። አዳፕተሩ እንደ እንጀራ ምጣድ ግሎ ነበር። በነጋታው ይዘነው ወደ አንድ ሠሪ ሄድን። አገላብጦ አየውና "ቦርዱ ነዷል" አለን። እዚያው ትተንለት መጣን።

ራሴ ዕቃ መፍታት ስጀምር፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ነገሩ ገባኝ። ያ አዳፕተር ውስጡ ተራ ትራንስፎርመር ነው። 220 ሲያገኝ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ሴጋው ውስጥ ደግሞ ቮልቱን 5 ላይ የሚይዝ 7805 የሚባል ሬጉሌተር አለ፤ እስከ 35 ቮልት ቢገባበት ይችላል። ቦርዱ ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነበር። የጎደለን አንድ አዳፕተር ነው። ያቺ ሴጋ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ስለዚህ ሳይከፍት "ጣዪው" የሚልሽን ሠሪ አትስሚው።

ሴጋ ያላችሁ ሰዎችም ይህን ካነበባችሁ፣ አዳፕተር ስትገዙ የጃኩን ፖዘቲቭና ነጌቲቭ እዩ። የመጀመሪያው ትልቁ ሴጋ 9 ቮልት ነው፤ መሐሉ ነጌቲቭ ነው። ሁለተኛው ትንሹ 10 ቮልት ነው፤ መሐሉ ፖዘቲቭ ነው። ተገላብጦ ከተሰካ ሌላ ለቅሶ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ሁለት መንገድ አለሽ። ቀላሉ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መግዛት ነው። 100 ዋት የሚል ይበቃሻል። ስታነሺው ከበድ ያለ፣ ውስጡ ብረት ያለው ይሁን። ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ ለመንገደኛ የሚሸጠውን ቀላል ኮንቨርተር አትግዢ፤ ለኤሌክትሮኒክስ አይሆንም። ሱቁ ውስጥ እያለሽ በቴስተር መውጫውን እንዲለኩልሽ ጠይቂ። 110 እና 120 መካከል ካሳየ ጥሩ ነው። እኛ አገር 50 ኸርዝ፣ አሜሪካ 60 መሆኑ አያሳስብሽ፤ የዚህ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ለእሱ ግድ የለውም።

ሁለተኛው መንገድ ውስጡ ያለውን ፓወር ሰፕላይ በ220ው መቀየር ነው። የተበላሸ የአውሮፓ ማሽን ከተገኘ፣ የሞዴል ተከታታዩ አንድ ከሆነ፣ ፓወሩ ወጥቶ ይገባል። እኔ ምን አለሽ ተራ ሄጄ ለዚሁ ብዬ የሞተ ማሽን ገዝቼ አውቃለሁ። ይህን ግን ራስሽ እንዳትሞክሪው። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቆያል፤ ይመታል። የሚያውቅ ሰው ይሥራልሽ።

አሁን መብራት አገኘ እንበል። ቀይዋ መብራት በራች፣ ስትነኪው አረንጓዴ ሆነች። ዲስክ ከመክተትሽ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። የወንድምሽ ሚሞሪ ካርድ ማሽኑ ላይ ካለ እንዳታጠፊው። 8 ሜጋባይት ናት፤ ግን የእሱ ቡድን፣ የእሱ ሊግ፣ የሰጣቸው ስሞች ሁሉ እዚያ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ልጆች ቦታ ሞላ ሲላቸው መጀመሪያ የሚያጠፉት የቆየውን ነው። ለእነሱ ሌላ ካርድ ግዢላቸው። የእሱን አውጥተሽ አስቀምጪው። ወደ ፍላሽ መገልበጥም ይቻላል፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ዲስክ ካላነበበ አትደንግጪ። ሃያ ዓመት አቧራ ሲጠጣ የኖረ ሌንስ ነው። ሽፋኑ ሲከፈት ሌንሱ ትንሽ የመስታወት ዓይን መስሎ ይታያል። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ ትንሽ አልኮል ነክተሽ ሳትጫኚ ጥረጊው። አልኮሉ ኢሶፕሮፒል፣ 99 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ውኃ የበዛበት እድፍ ይተዋል። ሽቶና አረቄ በፍጹም። ሌንሱ የሚንሸራተትበት ሐዲድም ግሪሱ ደርቆ ይሆናል፤ እሱም ተጠርጎ አዲስ ይቀባል።

ሰማያዊ ጀርባ ያላቸውን ዲስኮች እያነበበ ብርማዎቹን እምቢ ካለ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ችግሩ ዲስኩ ላይሆን ይችላል። ሰማያዊዎቹ ሲዲ ናቸው፤ ብርማዎቹ ዲቪዲ። ማሽኑ ሁለቱን የሚያነብበት ሌዘር ለየብቻ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ሊቀር ይችላል። ሠሪው ሌንሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ አዙሬ ኃይሉን ልጨምርለት ካለሽ እምቢ በይ። ለጥቂት ሳምንት ያነብልሻል፣ ከዚያ ሌዘሩ ይቃጠላል። እኔ በራሴ ማሽን ላይ አይቼዋለሁ።

ሰዓትና ቀን የሚረሳ ከሆነ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። የትም ትገኛለች።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። የአሜሪካ ማሽን በባሕርዩ የሚያነበው የአሜሪካን ኦሪጂናል ዲስክ ነው። የአውሮፓ ዲስክ ገዝተሽ እምቢ ቢልሽ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ኮፒ ዲስክ ያነብ ከነበረ ደግሞ ወንድምሽ ቺፕ አስገጥሞበታል ማለት ነው። ደውለሽ ጠይቂው።

ቲቪው ላይ እንምጣ። አብሮት የመጣው ገመድ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ነው። ያ ቢጫው ከሁሉም ደካማው ነው። በአንድ ሽቦ ቀለሙንም ብርሃኑንም ጨፍልቆ ስለሚልክ ትልቅ ፍላት ላይ ምስሉ የታጠበ ጨርቅ ይመስላል። ቲቪሽ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የቪዲዮ መግቢያ ካለው የፕሌይስቴሽን 2 ኮምፖነንት ኬብል ፈልጊ። ልዩነቱን ያለ መነጽር ታዪዋለሽ። ኬብሉን ከመቀየርሽ በፊት ግን በቢጫው እንደተሰካ ማሽኑ ሜኑ ውስጥ ገብተሽ የኮምፖነንት ቪዲዮውን ከአርጂቢ ወደ ሌላኛው ምርጫ አዙሪው። ይህን ካልቀየርሽ ስክሪኑ ሁሉ አረንጓዴ ይሆንብሽና ኬብሉ ተበላሽቷል ብለሽ ትመልሺዋለሽ። ብዙ ሰው መልሷል።

ቲቪሽ ኤችዲኤምአይ ብቻ ከሆነ ከማሽኑ ጀርባ የምትሰካ ትንሽ መለወጫ አለች። እሷም ያንኑ የሜኑ ለውጥ ትፈልጋለች። ተአምር አትጠብቂባት። የሚወጣውን ምስል ወደ ዲጂታል ትለውጠዋለች እንጂ አታሳምረውም፤ ከቢጫው ግን ትሻላለች። ምስል በደንብ የሚያሳምሩ እንደ ሬትሮቲንክና ኦኤስኤስሲ ያሉ ዕቃዎች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከማሽኑ ይበልጣል። ለልጆች ጨዋታ አያስፈልግሽም። ከእነሱ ይልቅ የቲቪውን ጌም ሞድ አብሪ። ያለሱ ጆይስቲኩን ተጭነሽ ተጫዋቹ እስኪመታ ይዘገያል፤ ፔናሊቲ ላይ ያስለቅሳል።

የፕሌይስቴሽን 1 ዲስክ ስታስገቢ ምስሉ ቢጠፋ ደግሞ የሚወጣው ምስል ዓይነት ስለሚለይ ነው። ብዙ ፍላት ቲቪ በኮምፖነንት አይቀበለውም። ለእሱ ወደ ቢጫው ተመለሽ። የእናትሽ የድሮ ቲቪ ካለ ደግሞ እንዳትሸጪው። ለእነዚህ ማሽኖች ከእሱ የተሻለ ቲቪ የለም።

እኔ ማሽን ማዘመን ስል በጣም የምወደው ሌላ ነው፤ ከዲስክ ነፃ ማውጣት። የአንቺ ትልቁ ማሽን ከኋላው የሃርድ ዲስክ ቦታ አለው። ትንሹ ስሊም ይህ የለውም። ኔትወርክ አዳፕተር የሚባለው ክፍል ከተገኘ ሃርድ ዲስክ ይገጠምለታል። ፍሪ ኤምሲ ቡት፣ ማሽኑ ያለ ዲስክ ሌላ ፕሮግራም እንዲከፍት የሚያደርገው ሶፍትዌር፣ የተጫነባት ሚሞሪ ካርድ ስትሰኪ፣ ኦፕን ፒኤስ2 ሎደር በሚባል ፕሮግራም የራሳችሁን ዲስኮች ገልብጠሽ ከሃርድ ዲስኩ ታጫውቻለሽ። ሌንሱ ያርፋል። ኦሪጂናል ዲስኮቹም አይጫሩም። በፍላሽም ይሆናል፤ ግን የማሽኑ ዩኤስቢ የድሮው 1.1 ስለሆነ ቪዲዮ ሲመጣ ይንተባተባል። ቅድም ያልኩሽ የወንድምሽን ካርድ ወደ ፍላሽ መገልበጥም በዚሁ ነው የሚሠራው። ዩላውንች ኤልፍ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ከካርዱ ገልብጦ ፍላሽ ላይ ያስቀምጥልሻል። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት ይህን ነው የማደርገው።

በመጨረሻ ስለ ሙቀትና ስለ መብራት። ድሮ ከጓደኛዬ ጋር እሪ በከንቱ አጠገብ አራት ማሽን ይዘን ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረን። የተሸነፈ ይከፍላል። እንዳይሰረቁ ብለን ማሽኖቹን የእንጨት ሳጥን ውስጥ ቆለፍናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ እየሠሩ በሦስት ወር ውስጥ ሁለቱ ሞቱብን። ሣጥኑን ከኋላ ቀደድነው፣ ፋኑን በየወሩ ጠረግነው፤ የቀሩት ሁለቱ ዓመታት ኖሩ። አንቺም ቲቪ ማስቀመጫው መሳቢያ ውስጥ አትክተቺው። ማሽኑ አየር ያግኝ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ልጆቹ ከዲቫይደሩ ነቅለው ይጠብቁ። ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ትራንስፎርመርሽም ያንኑ ከፍታ ወደ ማሽኑ ያሳልፋል። መብራቱ መጥቶ ጥቂት ደቂቃ ሲረጋ ይሰኩት። ስታብላይዘር ካለሽ መጀመሪያ እሱ፣ ከዚያ ትራንስፎርመሩ፣ ከዚያ ማሽኑ።

አሁን የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልኝ፤ የቲቪሽን የኋላ መግቢያዎችም ጭምር። የትኛውን ኬብል እንደምትገዢ እነግርሻለሁ። እሑድ ከሰዓት ብዙ ጊዜ ጊዮርጊስ አካባቢ ነኝ። ከፈለግሽ ይዘሽው ነይ፤ ከፍተን አብረን እናየዋለን።