ስልክ ላይ ጥርት ያለው ፎቶ ወረቀት ላይ ለምን ይደበዝዛል?

«ጋሼ፣ የአባቴን ፎቶ ከቴሌግራም አውርጄ 40 በ60 ሴንቲሜትር አሳጠብኩት። ስልኬ ላይ ጥርት ያለ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ፊቱ ብዥ አለ። ፎቶሾፕ ላይ 72 የሚለውን ቁጥር 300 አድርጌው ነበር። ምን አጠፋሁ?» ይላል አንድ የፍኖተ ሰላም ልጅ።

ወንድሜ፣ ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። 960 በ1280 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች) ነው። ቴሌግራም ፎቶ ሲያስተላልፍ አሳንሶ ነው። የስልክ ስክሪን ትንሽ ስለሆነ አያስታውቅም። ወረቀት ግን ያጋልጣል። 60 ሴንቲሜትር 23.6 ኢንች ገደማ ነው። 1280ን ለ23.6 ብታካፍል ለአንድ ኢንች 54 ፒክስል ብቻ ይደርሳል። በእጅ ተይዞ ለሚታይ ፎቶ 300 ይፈለጋል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ራቅ ብለው ለሚያዩት 150 አካባቢም ይበቃል። 54 ግን የትም አያደርስም።

300 ብለህ የጻፍከው ቁጥር በአንድ ኢንች ስንት ፒክስል እንደሚታተም የሚናገር ነው እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም። «ሪሳምፕል» የሚለው (የፒክስሉን ብዛት የሚቀይረው ምርጫ) ካልተመረጠ ፎቶው ሲታተም 8 በ11 ሴንቲሜትር ግድም ይሆናል፤ ፒክስሉ ያው ነው። ከተመረጠ ደግሞ ፕሮግራሙ የጎደለውን በግምት ይሞላዋል። ጠላ ላይ ውሃ እንደመጨመር ቁጠረው፤ ጋኑ ሞላ፣ ጠላው ቀጠነ።

ስለዚህ ፎቶውን ያነሳውን ሰው ፈልግ። ዋናው ስልኩ ላይ ካለ፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» በሚለው በኩል ይላክልህ። ስክሪንሾት እንዳትቀበል! ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ 3000 በ4000 ይሰጣል። 60 ሴንቲሜትር ላይ ለአንድ ኢንች 169 ይደርሳል ማለት ነው። ለግድግዳ ጥሩ ነው።

ደግሞ 40 በ60 የስልክ ፎቶ ቅርጽ አይደለም፤ ከጎን ወይም ከላይ ይቆረጣል። 45 በ60 ብታዘው ልክክ ይላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሳላስተውል የአንድ ቄስ ጥምጥም ቆርጬ አትሜ፣ የወረቀቱን ከኪሴ ከፍያለሁ።

ዋናው ከጠፋስ? ባለህ ፋይል 15 በ20 አሳጥበውና ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ካርቶን አድርገህ ትልቅ ፍሬም ውስጥ አስገባው። ያምራል፣ አባትህም ጥርት ብለው ይታያሉ።

ትልቁን ከማዘዝህ በፊት ግን ፊታቸው ያለበትን ቦታ ብቻ፣ በዚያው በትልቁ ልክ፣ በቁራጭ ወረቀት አሳትመህ ከምትሰቅልበት ግድግዳ ላይ ለጥፈህ እየው።