ስፔሻሊስት የሌለበት ሆስፒታል ስትገቢ መጀመሪያ ኦክስጅኑን

«ጣና ዳር ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተመድቤያለሁ። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስትም አይሲዩም (የጽኑ ሕሙማን ክፍልም) የለውም። ከመሄዴ በፊት የቱን ሥልጠና ልውሰድ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። እኔም እዚያው ሐይቅ ዳር ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥልጠናው ይደርሳል። የምልሽን ግን ገና በገባሽበት ቀን አድርጊው።

1. ኦክስጅኑን ራስሽ ክፈቺው። «አለ» ቢሉሽ አትመኚ። ሲሊንደሩ ሞልቶ ሬጉሌተር (ግፊቱን ቀንሶ የሚያወጣው መቆጣጠሪያ) ከሌለው የለም ማለት ነው። ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ካላችሁ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ማን እንደሚያስነሳው፣ ናፍጣ እንዳለው ጠይቂ።

እኛ ጋ የሲሊንደሩ መክፈቻ ቁልፍ ስቶር ውስጥ ተቆልፎበት ነበር የሚያድረው። አንድ ቅዳሜ ማታ የሳንባ ምች ያጣደፋት ሕፃን መጣች። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ በተነፈሰች ቁጥር ጎኗ ይሰረጉዳል፣ ሳቹሬሽኗ (የደሟ የኦክስጅን መጠን) በመቶኛ 70ዎቹ ውስጥ ነው። ንብረት ክፍል ስደውል ሰውየው «የዕቃ መጠየቂያው ቅጽ፣ ሞዴል 20፣ ሳይሞላ ዕቃ አይወጣም፤ ሰኞ ና» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ዘበኛችን፣ እግዜር ይስጠውና፣ ሮጦ ከአንድ መካኒክ ቤት እንግሊዝ ቁልፍ ይዞ መጣ። ልጅቷ ተረፈች። ሰኞ ቁልፉን አስወጥቼ በሰንሰለት ከሲሊንደሩ ጋር አሰርኩት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈብኝ። ሰንሰለቱን ግን አልፈታሁም። የሰው ነፍስ በሞዴል 20! ዛሬም ያንገበግበኛል።

2. አምቡ ባግ፤ መተንፈስ ላቃተው በሽተኛ በእጅ እየተጨመቀ በማስክ አየር የሚያስገባው ከረጢት። ብቻሽን ማስኩንም ይዘሽ ባጉንም ጨምቀሽ አይሆንም። አንቺ በሁለት እጅሽ ማስኩን ፊቱ ላይ አጣብቂ፣ መንጋጋውን ወደ ላይ ሳቢ፤ ነርሷ ትጭመቅ። ደረቱ ከፍ ሲል ካላየሽ አየር እየገባ አይደለም። ኦፕሬሽን ክፍል ካላችሁ ጠዋት ጠዋት አንስቴቲስቱ (የማደንዘዣ ባለሙያው) ጋ ገብተሽ እጅሽን አፍታቺ። እኔን ሰው ያደረገኝ እሱ ነው።

3. የፀረ ተባይ መርዝ። ጫትና ሽንኩርት የሚረጭበት አገር ነውና ይመጣብሻል። መርዙ ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው ዓይነት ከሆነ ለአዋቂ አትሮፒን (ማርከሻው መድኃኒት) ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ጀምረሽ በየ5 ደቂቃው እጥፍ አድርጊው። የምታቆሚው ደረቱ ውስጥ የሚንኮረኮረው ፈሳሽ ሲደርቅ ነው እንጂ የዓይኑ ብሌን ሲሰፋ አይደለም። አንድ ጎረምሳ አረፋ እየደፈቀ መጣልን። ፋርማሲው «ይህ ሁሉ አምፑል ለአንድ ሰው?» ብሎ ተከራከረኝ። አልሰማሁትም። ነርሶቹ ሌሊቱን ሙሉ አምፑል ሲሰብሩ አደሩ። ልጁ በእግሩ ሄዶ ቤቱ ገባ። ከዚያ ሌሊት በላይ የምኮራበት ሥራ የለኝም።

ሪፈር ላይ፣ በሽተኛ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ስትልኪ፣ ደግሞ ተጠንቀቂ። ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሁን ጥበበ ግዮን፣ ከመላክሽ በፊት ደውለሽ አልጋ መኖሩን አረጋግጪ። ከዚያ የአምቡላንሱን ሲሊንደር አስዪ። 680 ሊትር የምትይዘው ትንሿ ሲሊንደር ሞልታ እንኳ፣ በደቂቃ 10 ሊትር ከለቀቅሽባት የምትቆየው 1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ነው። ጌጁ ግማሽ ላይ ከሆነ 34 ደቂቃ። ሾፌሩ «ያደርሰናል» ቢልሽም ትርፍ ሲሊንደር ሳይጫን በሽተኛውን እንዳታሳፍሪ።