ፍላሜንኮ ጊታር እስክገዛ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን የአሉሚኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ማታ በጓደኛዬ ቦክስ ጊታር ፍላሜንኮ የሚባለውን የስፔን ሙዚቃ እለማመዳለሁ። ወደፊት ሆቴል እየተጫወትኩ መኖር እፈልጋለሁ። 18 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። ትክክለኛው ፍላሜንኮ ጊታር እስኪደርሰኝ ልጠብቅ ወይስ የተገኘውን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትጠብቅ። ግን 18 ሺውንም ጊታር ላይ አትጨርሰው።

ፍላሜንኮ ጊታር ከክላሲክ ጊታር ብዙም አይርቅም። ሁለቱም የናይለን ክር ነው ያላቸው። የፍላሜንኮው ጀርባና ጎን ብዙ ጊዜ ከሳይፕረስ ይሠራል፤ የእኛ የፈረንጅ ጥድ ዘመድ ነው። እንጨቱ ቀላል ስለሆነ ድምፁ ፈጣንና ደረቅ ያለ ነው። ክሩ ወደ አንገቱ ዝቅ ይላል። ፊቱ ላይ ደግሞ ጎልፔአዶር የሚባል ስስ ፕላስቲክ አለ፤ በጣት ሲመታ እንጨቱ እንዳይጫር ነው። ከእነዚህ ውስጥ የማትለውጠው እንጨቱን ብቻ ነው። ክሩን ባለሙያ ዝቅ ያደርግልሃል፣ ፕላስቲኩን ራስህ ትለጥፋለህ። ስለዚህ እንደ ያማሃ ሲ40 ያለ፣ ጤነኛ የሆነ ያገለገለ ክላሲክ ጊታር ይበቃሃል።

የጓደኛህ ቦክስ ጊታር የብረት ክር ከሆነ ግን ለፍላሜንኮ አይሆንህም። ራስጌአዶ፣ ማለትም ጣቶችህን ተራ በተራ እየፈነጠርክ ክሩን በጥፍር ስትመታ፣ ጥፍርህን ይጨርሰዋል። በተቃራኒው ደግሞ ሻጩ «ክላሲኩ ላይ የብረት ክር እናድርግልህ፣ ይጮሃል» ቢልህ እሺ እንዳትል። የብረት ክር ጉተቱ ከባድ ነው፤ ፊቱ ላይ ክሩ የታሰረበትን እንጨት፣ ብሪጁን፣ ይነቅለዋል።

ስትገዛ አትቸኩል። አንገቱን ከጫፍ አይተህ አለመጣመሙን አረጋግጥ። ብሪጁ ሥር ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ተወው። 12ኛው ፍሬት (አንገቱን አግድም ከሚያቋርጡት የብረት ዘንጎች 12ኛው) ላይ ክሩ ከፍሬቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢርቅ ጥሩ ነው፤ ከ4 ካለፈ እጅህ ይደክማል። እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ ተጭነህ ስማ፤ የሚንጫጫ ካለ ዋጋ ቀንስ በለው። ስልክህ ላይ መቃኛ አውርድና 12ኛው ፍሬት ላይ የሚሰማው ከባዶው ክር ጋር አንድ ኖታ መሆኑን እይ። ይሄን ሁሉ ስታደርግ ሻጩ ቢነጫነጭም ግድ አይስጥህ። ገንዘቡ የአንተ ነው።

የተረፈውን ብር ለአስተማሪ አስቀምጠው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ብትጠይቅ ቤት ለቤት የሚያስተምር አታጣም። ፍላሜንኮ ከጣት ፍጥነት ይልቅ ምቱ ነው የሚያስቸግረው። ቡለሪያ የሚባለው የፍላሜንኮ ዓይነት 12 ምት ይቆጠራል፤ ያንን ሳትይዝ የታዋቂውን የስፔን ፍላሜንኮ ጊታሪስት የፓኮ ዴ ሉሲያን ፍጥነት ብታሳድድ ጊዜህን ነው የምታባክነው።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በፍላሜንኮ ብቻ የሚያድር ሰው አይታየኝም። የሆቴል ሥራ አስኪያጅ እንግዳው የሚያውቀውን ዜማ ነው የሚፈልገው። ግን አንድ በር አለህ። አምባሰልን ከሚ ጀምረህ ብትጫወተው ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው፤ አምስቱም ፍላሜንኮ የሚወደው፣ ፍሪጂያን የሚባለው የኖታዎች ቅደም ተከተል (ስኬል) ውስጥ አሉ። የአምባሰል ዘፈን በራስጌአዶ ብታቀርብ ሌላው የሌለው ነገር ይኖርሃል።

የአሉሚኒየሙን ሥራ ግን እንዳትለቅ። ቀኝ ጥፍርህን ስለሚሰብረው ጓንት አድርግ። ጎረቤት እንዳይቆጣ ማታ ስትለማመድ ብሪጁ አጠገብ ክሩ ሥር ጨርቅ ሸጉጥ። ሦስት አራት ዘፈን ሳትሳሳት ስትጫወት በስልክህ ቀድተህ ያዝና በአቅራቢያህ ያሉ ምግብ ቤቶችን ለቅዳሜ ማታ ብቻ ጠይቅ። ክፍያውን ሳትነጋገር ግን አትጀምር፤ «ነፃ ተጫወትና እናይሃለን» የሚሉ ብዙ ናቸው።