ኢትዮጵያና ኬንያ ሲነጻጸሩ፦ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ አካባቢ በየአሥራ አምስት ቀኑ በሚሰበሰበው የንባብ ክበባችን፣ ባለፈው ቅዳሜ የተነጋገርንበት ርእስ የኢትዮጵያና የኬንያ ኢኮኖሚ፣ ንግድና የጦር ኃይል ነበር። መልስ እንድሰጥ የተመደብኩት እኔ ስለነበርኩና ጊዜው ስላልበቃን፣ ዋና ዋናዎቹን ጥያቄዎች ከመልሶቻቸው ጋር አሟልቼ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኬንያ በኢኮኖሚ በለጠችን ሲባል ሰማን። በአንድ ዓመት ውስጥ እንዴት ወደ ኋላ ቀረን?

ይህ ጥያቄ የብዙዎች ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ። የአንድ አገር ዓመታዊ ምርት መጀመሪያ የሚሰላው በራሷ ገንዘብ ሲሆን፣ ከሌላ አገር ጋር ለማነጻጸር ሲፈለግ ወደ ዶላር ይመነዘራል። መንግሥት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ከማሳ የተሰበሰበው ጤፍ ኩንታሉ ሳይጎድል፣ ከፋብሪካ የወጣው ሲሚንቶም ሳይቀንስ፣ በዶላር ሲመነዘር አንሶ ታየ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ትንበያው የኬንያን ኢኮኖሚ 132 ቢሊዮን፣ የኢትዮጵያን ደግሞ 117 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አድርጎ ያስቀመጠው በዋናነት ከዚህ የተነሣ ነው። የአገር ውስጥ የዋጋ ልዩነትን በሚያገናዝበው የመግዛት አቅም ስሌት ግን ኢትዮጵያ ትበልጣለች።

ይህን የምለው ለማጽናኛ እንዳይወሰድብኝ እለምናለሁ። የእኛ ሕዝብ ከኬንያ ሕዝብ በእጥፍ ስለሚበልጥ፣ የአንድ ኬንያዊ ድርሻ በዶላር ሲሰላ የአንድ ኢትዮጵያዊን እጥፍ ገደማ ይሆናል። የተመኑ ለውጥም ከመዝገብ አልፎ ቤታችን ገብቷል፤ በየወሩ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ልዩነቱን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ የውጭ ንግዳችን ግን አድጓል አይደል?

በእርግጥ አድጓል። በ2017 በጀት ዓመት ወደ ውጭ ከተላኩ ሸቀጦች ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተገኘ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ቡና ብቻውን ከ2 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ትልቁ ጭማሪ የመጣው ከወርቅ ነው፤ በፊት በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ወርቅ፣ የተሻለ ዋጋ ሲቀርብለት ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣ። እኔን የሚያሳስበኝ በሁለት ምርቶች ላይ ይህን ያህል መደገፋችን ነው። ኬንያም ብትሆን በሻይና በአበባ ላይ ትደገፋለች፤ ሆኖም ባንኮቿና ነጋዴዎቿ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በኮንጎ ተስፋፍተው ይሠራሉ። እኛ የባንክ ዘርፋችንን ለውጭ ባለሀብት የሚከፍተውን ዐዋጅ ያጸደቅነው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው።

ጥያቄ፦ በሞባይል ገንዘብስ?

ኬንያውያን በብዙ ዓመት ቀድመውናል። ኤምፔሳ በእነርሱ አገር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ የእኛ ቴሌብር የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ያም ሆኖ ዛሬ ወደ አዳራሹ ስመጣ ጫማዬን ያስጠረግኩት ሊስትሮ፣ ስልክ ቁጥሩን በሣጥኑ ክዳን ላይ በነጭ ቀለም ጽፎ በቴሌብር እንድከፍለው ጠይቆኛል።

ጥያቄ (ከአንድ ጡረተኛ መኮንን)፦ በጦር ኃይልስ ማን ይበልጣል?

ሻለቃ፣ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ቢሆንም ልሞክር። በሰው ኃይልና በውጊያ ልምድ የኢትዮጵያ ምድር ጦር ይበልጣል። በአየር፣ ሁለቱም አገሮች በአንድ ዘመን ኤፍ 5 ተዋጊ ጄቶችን የታጠቁ ሲሆን፣ የእኛ አብራሪዎች በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያን ሚጎች የጣሉት በእነዚሁ ጄቶች ነው፤ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሱኮይ 27 ገዝተናል። በባሕር ግን ሞምባሳ ላይ የተደራጀ ባሕር ኃይል ያላት ኬንያ ናት፤ እኛ የቀድሞውን ከምፅዋና ከአሰብ ጋር አጥተን ገና እንደ አዲስ በማቋቋም ላይ ነን።

ስለ ውጊያ ልምድ ስናወራ ግን ቆም ማለት ይገባናል። ኬንያ ከነጻነቷ ጀምሮ ከጎረቤት አገር ጋር ሙሉ ጦርነት ገብታ አታውቅም፤ የእኛ ልምድ የተገኘው እዚህ አዳራሽ ውስጥ በተቀመጡ እናቶች ልጆች ደም ነው። ደግሞም ሁለቱ አገሮች በ1950ዎቹ ዓመታት የ«ታላቋ ሶማሊያ»ን የግዛት ጥያቄ ለመመከት የመከላከያ ስምምነት የተዋዋሉ ወዳጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ወዳጆች ከሆኑ ንግዳቸው ለምን አነሰ?

ወጪና ገቢ ዕቃችን በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ መንገዳችንም፣ ባቡራችንም፣ መጋዘኖቻችንም ወደዚያው ተዘርግተዋል። ኬንያ ላሙ ላይ የገነባችው ወደብ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ቢጀምርም፣ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው መሥመር በታሰበው ፍጥነት አልሄደም። በሞያሌ በኩል ከብትና ሸቀጥ በብዛት ይሻገራል፤ ነገር ግን ብዙው በጉምሩክ መዝገብ አይሰፍርም። በሚገባ ተመዝግቦ የሚሻገረው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው መሥመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ የሚችል ሲሆን፣ የመጀመሪያው ውል የተፈረመው ለ200 ሜጋ ዋት ነው። ቀሪው አቅም ገዢ እየጠበቀ ነው።