መብላት ያቆመች የዛፍ እንቁራሪት

የአውስትራሊያዋ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪትዎ ዐሥር ቀን ሙሉ ምግብ ለምን እንደተወች ጠይቀውኛል፤ ሳጥኗ መስኮት ሥር ነው፣ ሌሊት 16 ዲግሪ ይደርሳል ብለዋል። በርዷት ይመስለኛል። ሙቀት የምታገኘው ከአካባቢዋ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ሆዷም መፍጨት ያቅተዋል።

1. ዛሬውኑ ከመስኮቱ ያርቋት።

2. ቴርሞስታት (ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ) ያለው ማሞቂያ ከሳጥኑ ጎን በውጭ በኩል ይለጥፉ፤ ከሥር አይሁን። ቀን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ፣ ሌሊት ወደ 20 ይጠጋ። አንዱ ጥግ ቀዝቀዝ ይበል፤ የሚስማማትን ራሷ ትመርጣለች።

3. የሌሊት እንስሳ ናትና ፌንጣውን ጠዋት ሳይሆን መብራት ከጠፋ በኋላ ይስጧት። በዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት የሚበልጥ ፌንጣ አይሁን። ያልበላችውን ያውጡ፤ ተኝታ ሳለች ቆዳዋን ሊነክስ ይችላል።

ሙቀቱ ተስተካክሎ በሳምንት ውስጥ ካልበላች ወይም ከከሳች፣ እንቁራሪት የሚያክም ሐኪም ያሳዩ።

አደራ የምለው ስለ ቧንቧ ውሃ ነው። እንቁራሪት ውሃ የምትስበው በቆዳዋ ነው። እኔ ውሃውን አሳድሬ እሰጥ ነበር። የሰፈራችን ውሃ ክሎራሚን (ጀርም ለመግደል በቧንቧ ውሃ የሚጨመር ኬሚካል) እንዳለው፣ እርሱም በማሳደር ብቻ እንደማይጠፋ የተማርኩት የመጀመሪያዋ እንቁራሪቴ ከሞተች በኋላ ነው። ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠውን፣ ክሎራሚንንም የሚያስወግድ ጠብታ ይግዙ፤ ሳጥኑ ውስጥ ለሚረጩት ውሃም ጭምር ይጠቀሙበት።